የቀዩ ቀለም ባለቤት

ሐርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ሽንኩርት እየመረጥኩ ሳለ ነበር ጩኸቱ የመጣው። እዚያ ገበያ ጩኸት ብርቅ አይደለም፤ ተሸካሚው ይጮኻል፣ ሻጩ ይጮኻል፣ ፍየሏም ትጮኻለች። ይሄኛው ግን ሰው ሲመታ ከሆዱ የሚወጣው ድምፅ ነበር። ጅዳ በሰው ቤት ስሠራ በገዛ ጀርባዬ የተማርኩት ስለሆነ አይጠፋኝም። ዞር ስል፣ ያገለገሉ መነጽሮች በጆንያ ላይ ዘርግቶ የሚሸጠውን ዝምተኛ ሰውዬ ጎረምሶች መሬት ላይ ጥለው ይረግጡታል። መነጽሮቹ ከጫማቸው ሥር ቀጭ ቀጭ እያሉ ይደቃሉ። አንደኛው ቆሞ፣ ቦታ እየመረጠ፣ ክርኑን በዱላ ይለዋል። ሰውየው ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ነበር፤ እጁን ረግጠው አስነሱትና ፊቱን አገኙት።

እኔ ዝም ማለት አልፈጠረብኝም። እናቴም «አንቺን ምላስሽ ይቀብርሻል» ትለኝ ነበር። ሲጨንቀኝ ሶማሊኛው ይጠፋኛልና በአማርኛ «ኧረ ሰው ገደላችሁ፣ እናንት አረመኔዎች» እያልኩ ገባሁባቸው፤ በፌስታል የያዝኩትንም ሽንኩርት ባንዱ ጭንቅላት ላይ አሳረፍኩት። «ይቺ ሐበሻ ምን አገባት?» አለና ዱላውን በትከሻዬ አወረደው። ክንዴ ደንዝዞ እዚያው አፈሩ ላይ ዘጭ አልኩ። የሚሉትን የሰማሁት እንግዲህ እዚያ ተቀምጬ ነው። በእያንዳንዱ እርግጫ አንድ ቃል ይደጋግማሉ፦ «ከተማዋ ስትነድ ውስጧ ተቀምጦ የበላ፣ ደሙ ውሃ ነው። አባትህ ነው እንዲህ ያለው። ያንተስ ደም ምንድን ነው?»

ያ ረቢ። ያን ቃል አውቀዋለሁ። ኮምፒውተር ውስጥ ያስገባሁት እኔ ነኝ።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። እኔ የወሎ ሰው ነኝ። አባቴ የቁርኣን ተማሪ፣ ደረሳ፣ ያስተምር ስለነበር ፊደል የቆጠርኩት በዓረብኛ ነው፤ የጅዳ ዓመታት ደግሞ ምላሴን ሳሉልኝ፣ ጀርባዬን ግን አጎበጡት። ከዚያ ባሌን ተከትዬ ሐርጌሳ ገባሁ። እሱ ከበርበራ ወደብ እስከ ድንበር ከባድ መኪና ይነዳል፤ ከእኔ ይልቅ ጎማውን ነው የሚያውቀው። የተከራየናት ክፍል መሐመድ ሞጌ የሚባል ሰፈር ነበረች። አንዱ ግድግዳዋ በመድፍ ተበስቶ በቆርቆሮ ተደፍኗል፤ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይንቀጫቀጫል።

ጊዜው ከተማዋ ጣሪያ መልሳ የምትለብስበት ነው። የገዛ መንግሥቷ በአውሮፕላን ደብድቧት፣ ሕዝቧ በእግሩ ወደ እኛ አገር ተሰዶ፣ በድንኳን ከርሞ ተመልሶ ፍርስራሹን እየጠረገ ይሠራል። መሠረት የሚቆፍር ሰው ዶማውን ሲያነሳ «ቢስሚላህ» የሚለው ለበረከት ብቻ አልነበረም። ከእኛ ቤት ጥቂት አለፍ ብሎ የአንድ ቆፋሪ ዶማ ያልፈነዳ ቦምብ አገኘ። እኛ ስንደርስ ጫማው እግሩን እንደያዘ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በማግስቱ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ሌላ ሰው ይቆፍር ነበር።

የእኔ ሥራ ዶማ የለበትም ብዬ አላህን አመሰግን ነበር። ከዓረብ አገር የተመለሰ አንድ የተማረ ሰው፣ ሁላችንም ኡስታዝ የምንለው፣ ከጦርነቱ የተረፉትን የከተማዋን ሊቃውንት መጻሕፍት የሚሰበስብ አነስተኛ ቢሮ ከፍቷል። ሐሳቡ ግልጽ ነው። የአንድ ሊቅ ስም ኮምፒውተሩ ላይ ሲጻፍ በሕይወቱ የደረሳቸው ሥራዎች በሙሉ ተከታትለው እንዲወጡ ነው የሚፈልገው፤ «ዳታቤዝ» ይለዋል። እኔ ዓረብኛውን እተይባለሁ።

ሲሰሙት ቀላል ነው፣ ሲገቡበት ግን ጉድ ነው። የድሮ አዋቂ ስሙን ይደብቃል። «ይህን ያለ ድሃው የአላህ ባሪያ» ብሎ ይቀመጣል፤ ድሃ ባሪያ ደግሞ በየቤቱ ሞልቷል። የአንድ ሊቅ ሣጥን ሲከፈት ግማሹ የገዛው ነው፣ ግማሹ ሊማርበት የገለበጠው ነው፣ እሱ ራሱ የደረሰው ምናልባት አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። የትኛው የእሱ ነው? ኡስታዝ የመምህሩን ስም ያያል፣ የመዝጊያውን ዱዓ ያያል፣ አነጋገሩን ይቀምሳል፣ ከዚያ ይወስናል። ኮምፒውተሩ «ደራሲ» ይላል፣ እኛ እንሞላለን። «ያልታወቀ» ብሎ ማለፍ ይቻላል፤ ኡስታዝ ግን አይወድም። «መጽሐፍን ያለ አባት አስመዘገብሽው ማለት ነው» እያለ ይቆጣኛል።

እንዲህ እያልን የከተማዋ ቃዲ፣ የሸሪዓ ዳኛ፣ የነበሩት ሰውዬ ቤት ደረስን። ቃዲው ከስደት ተመልሰው ብዙም ሳይቆዩ ሞተዋል። ከልጆቻቸው የቀሩት አንድ ሴትና አንድ ወንድ ናቸው፤ ወንዱ ያ መነጽር ሻጭ ነው። የቆዩትን መጻሕፍት ሲሰደዱ በፍየል ቆዳ ጠቅልለው ግቢ ውስጥ ቀብረዋቸው ነበርና ተርፈዋል። ከቤት ግን አንዲት የመጽሐፍ ቅጠል አትወጣም አሉን። እነሱ ብቻ አይደሉም፣ ሁሉም ቤት እንዲያ ነው፤ ንብረቱ በሙሉ የነደደበት ሰው የተረፈችውን አያውስም። ስለዚህ ፎቶ ኮፒ ማሽኑን ከነጄኔሬተሩ ፒክአፕ ላይ ጭነን በየቤቱ እንዞራለን። እዚያ ቤት መነጽር ሻጩ ልጃቸው መጽሐፉን አላስነካንም። ቅጠሉን ሁሉ በራሱ እጅ እየገለጠ፣ እኛ ገጹን ሳናየው ማሽኑ ላይ ደፋው። የቀኝ እጁ ጣቶች ጥፍር አልነበራቸውም፤ አየሁና ዓይኔን አነሳሁ። ቀኑን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

ከኮፒዎቹ መሃል ርዕስ የሌላት ቀጭን ድርሰት ተገኘች። ኡስታዝ መጀመሪያዋንና መጨረሻዋን አየና ፊቱ በራ። የቃዲው መምህር ስም አለባት፣ የቃዲው ዱዓ አለባት፤ የእሳቸው ናት። ጦርነቱ ሲጀምር ሳይሰደድ ከተማ ውስጥ የቀረ ሰው ደሙ ምንድን ነው የሚለውን የምትመረምር ናት። እየተየብኩ ሳለ ያ ቃል ጋ ደረስኩና ቆምኩ። «ኡስታዝ፣ ቃዲው ምነው እንዲህ ጨከኑ? ከታች ደግሞ መግደል ሐራም ነው ይላሉ፣ እንደገና ደሙ ውሃ ነው ይላሉ።» እሱም «ከራሳቸው ጋር እየተሟገቱ ነው። ደግሞም የጻፉትን እንጂ የምንወደውን አንመዘግብም» አለኝ። ገባች፤ በቃዲው ስም።

ሐሙስ ሐሙስ ተማሪዎች እየመጡ ዳታቤዙን ያዩ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ አይደል? ጁምዓ ሲሆን ያ ቃል በዋሄን የሻይ ወንበር ሁሉ ላይ ተቀምጧል።

አያሃ ሰፈር ደግሞ ድንጋይ እየፈለጠ የሚኖር አንድ ሰው አለ። ሁለት ወንድሞቹ በጦርነቱ ጊዜ መሄጃ አጥተው ከተማ ውስጥ ቀርተው ነበር። ሕዝቡ ሲመለስ አንዳንዶች ከቤታቸው ጎትተው አውጥተው ደጃፋቸው ላይ አረዷቸው። ገዳዮቹ «ፈትዋ አለን» አሉ፤ ከዚያ ጠፉ። ማን ፈረደው፣ ማን አለው፣ ማንም አያውቅም ነበር። አሁን የእኛ ኮምፒውተር ነገረው። «የአባት ዕዳ ለልጅ» ይባላል በእኛም አገር፤ እዚያ ግን ተረት አይደለም። ደም በአባት መስመር ይወርዳል። የእናት ወገን አይጠየቅም፣ የአባት ልጅ ይጠየቃል። ቃዲው ሞተዋል፣ ስለዚህ የሚጠየቀው መነጽር ሻጩ ነው። ገበያ ውስጥ የደበደቡት የዚያ ሰውዬ የአጎት ልጆች ነበሩ፤ «ይሄ ማስጠንቀቂያ ነው፣ ሌላው ይመጣል» ብለውት ነው የሄዱት።

በማግስቱ የቢሮው በር ብርግድ አለ። የቃዲው ሴት ልጅ ናት፣ የመነጽር ሻጩ ታላቅ እህት፤ ባሏ የሞተባት፣ ዋሄን ውስጥ ጨርቅ የምትሸጥ። ሰተት ብላ መጥታ ሻሼን ከነፀጉሬ ጨበጠችው። ስደቱን ጅጅጋ ስለከረመች አማርኛዋ ለእርግማን ከእኔ ይሻላል። «በአባቴ መቃብር ላይ የሸናሽው አንቺ ነሽ?» አለችኝ። እኔም እጇን ያዝኳት፤ ተናነቅን፤ ወንበር ወደቀ። ኡስታዝ መሃላችን ገብቶ ጥፍር ፊቱ ላይ አረፈበት። «እትዬ፣ መጀመሪያ ልቀቂኝ፣ ከዚያ ስደቢኝ» አልኳት። ለቀቀችኝና ወለሉ ላይ ተቀምጣ ማልቀስ ጀመረች። «አባቴ ዶሮ ሲታረድ ፊቱን የሚያዞር ሰው ነበር» አለች። «ወንድሜን ይገድሉታል። የቀረኝ አንድ ወንድም ነው።»

ኡስታዝ ኮፒውን አሳያት። ጽሕፈቱን ለየችው፤ የወንድሟ እጅ ነው። አባቷ ከስደት ከተመለሱ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ስለነበር እየነገሩት እሱ ይጽፍላቸው፣ የቆየውንም ይገለብጥላቸው ነበር። ቃሉ ግን የአባቴ አይደለም አለች፣ በሦስት መሐላ። ኡስታዝም «ዋናውን መጽሐፍ ካላየሁ ምንም ማለት አልችልም» አላት።

ወንድሟ እምቢ አለ። መጥታ ስትነግረን ከሐዘኑ ንዴቱ በልጦባታል። «መጽሐፉን ተይው፣ ቁስሉ ይድናል ይለኛል። እንደገና ይምቱኝ ይላል። ይሄ ሰው ነው አህያ?» እኔም በልቤ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ አልኩ፤ ዳዋው ግን ለምን ዝም እንደሚል አልገባኝም።

በሌላ ቀን እሱ ማለዳ መስጊድ ሲሄድ ጠብቃ ሣጥኑን ከፍታ መጽሐፉን አመጣችው። ከልብሷ ሥር፣ ሆዷ ላይ አስራው። መንገድ ላይ ያወቋት ልጆች በድንጋይ አባረዋት ግንባሯ ተተርትሯል፤ ደሙ አገጯ ድረስ ወርዶ ነበር። መጽሐፉን አውጥታ ሰጠችንና ከዚያ በኋላ ነው ፊቷን የጠረገችው።

ኡስታዝ ገለጠው። ቀይ፣ ጥቁር፣ ቀይ፣ ጥቁር።

ደረሳ ቤት የተቀመጠ ሰው ሁሉ ይህን ያውቃል። የወሎም የሐርጌሳም ልማድ አንድ ነው። ሰው የጻፈውን ስትመልስለት የእሱን ቃል በቀይ ታሰፍራለህ፣ የራስህን መልስ በጥቁር ትከትላለህ። ያ ቃል ቀይ ነበር። «ደሙ ውሃ ነው» ያለው ሌላ ሰው ነው፤ ቃዲው ሥር ሥሩን እየተከተሉ «ዋሽተሃል፣ ደሙ ደም ነው» እያሉ ነው የመለሱት። ማሽናችን ጥቁር እንጂ ሌላ ቀለም አያውቅም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ አምጥቶልናል። ኡስታዝ «ሱብሓነላህ» እያለ ጭንቅላቱን ያዘ። እኔ ተነስቼ ማሽኑን በእግሬ ጠለዝኩት፤ ጣቴ ነው ያበጠው። እሷ እያለቀሰች ሳቀች። «ወንድሜ ተረፈ» ትላለች፣ «አባቴም ተረፈ፣ ወንድሜም ተረፈ።» ተቃቅፈን ተላቀስን፤ ባለፈው ስንናነቅ የነበርነው እኛው ነን።

ኡስታዝ አንድ ሽማግሌ ልኮ የአያሃውን ሰውዬ አስጠራው። ሽማግሌው ራሳቸው ፈትሸው፣ ባዶ እጁን ይዘውት በዚያው ረፋድ መጡ። እጁ በድንጋይ ፈለጣ የተሰነጣጠቀ፣ ጢሙን ሒና የተቀባ ሰው ነው። መጽሐፉን ሳይነካ በፊት ውሃ ጠይቆ እጁን ታጠበ። ማንበብ ይችላል። ከንፈሩ እየተንቀሳቀሰ፣ ጣቱን ከመስመሩ ሥር እየሳበ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበበው። ሲጨርስ ሽፋኑን ሳመ።

«አላህ ይርሐማቸው» አለ። «ለወንድሞቼ የተሟገተላቸው አንድ ሰው ነበር፣ እሱም እሳቸው ናቸው። እኔ ልጃቸውን አስደበደብኩ።» ዓይኑ እንባ አቅርሯል። አንጀቴ ራሰ፤ ነገሩ አለቀ ብዬ ሻይ ልቀዳ ተነሳሁ።

«ቀዩስ የማነው?» አለ።

ኡስታዝ ጉሮሮውን ጠረገ። ቃዲው ስሙን አልጻፉም አለው። የሚመልሱለትን ሰው ላለማዋረድ «ተናጋሪው አለ» ይላሉ እንጂ ስም አይጠሩም፤ የአዋቂ አደብ ነው።

«ተናጋሪ አፍ አለው» አለ ሰውየው። «አፍም ቤት አለው። ቃዲው ለገበያ ወሬ መልስ አይጽፉም። አጠገባቸው ሆኖ ያን ቃል ለጻፈ ሰው ነው የመለሱት። በስደት ላይ እንዳሉ ስንት ተማሪ ነበራቸው?» ቀስ ብሎ ወደ እሷ ዞረ። «ባልሽ ተማሪያቸው አልነበረም?»

ጠረጴዛውን ስትይዝ አየኋት። ሳቋ ገና ከፊቷ አልጠፋም ነበር፤ እዚያው ደረቀ። እኔም ዘግይቶ ገባኝ። እሷ አንድ ወንድ ልጅ አላት፤ የደረሰ፣ ጢም ያወጣ፣ እኛው ሰፈር መሐመድ ሞጌ ግንበኛ ሆኖ የሚሠራ። ደም በአባት መስመር ይወርዳል ብያችኋለሁ።

በዚህ መሃል ወንድሟ ገባ። ሣጥኑን ባዶ አግኝቶ ነው እየሮጠ የመጣው። አንድ ዓይኑ አብጦ ተከድኗል፣ ክንዱ በጨርቅ ታስሮ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። የተገለጠውን መጽሐፍ አየ፣ ሰውየውን አየ፣ እህቱን አየ። «ምን ጠየቅህ?» አለው።

«ቀዩ የማነው?»

«የእኔ ነው።»

ለማሰብ ያህል እንኳን አልቆየም። ሰውየው ከእግር እስከ ራሱ አየውና «አባትህ ለአንተ ነው ይህን ሁሉ የጻፉት?» አለው።

«ለልጁ ያልመለሰ ለማን ይመልሳል? ስሜን ያልጠራው አባቴ ስለሆነ ነው። ጽሕፈቱን እየው፤ ቀዩም ጥቁሩም በእኔ እጅ ነው።»

ሰውየው ሞኝ አልነበረም። «ለመሞት የሚቸኩል ሰው አላምንም» አለና እንደገና ወደ እሷ ዞረ። «አንቺ እህቱ ነሽ። በአላህ ማይ። የእሱ ነው?»

ወንድሟን አየችው። እሱም አያት፤ ዕቃ ተሸክሞ በሩን እስኪከፍቱለት እንደሚጠብቅ ሰው ፊቱን ኮስተር አደረገ። ሽማግሌው «ልጄ፣ ተናገሪ» አሏት።

«ወላሂ» አለች። «የእሱ ነው።»

ጠረጴዛው ላይ የካርቶን መቁረጫ ቢላዋ ነበረን። ሽማግሌው ሰውየውን እንጂ ጠረጴዛችንን አልፈተሹም። ሰውየው አነሳውና መጀመሪያ ከወንድሟ ጎድን ሥር ሰካበት፤ ጆንያ ሲበሳ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ወጣ። ሁለተኛውን አንገቱ ላይ። ሽማግሌው ወገቡን ይዘው ተንጠለጠሉበት፣ ኡስታዝ እጁን ያዘ፣ እኔ የፈላውን ሻይ ከነበራዱ ገዳዩ ፊት ላይ ደፋሁበት፤ አልተሰማውም፣ ሦስተኛውን ጨመረ። ወንድሟ ደህናውን እጁን አንድ ጊዜ እንኳን አላነሳም። ተንሸራቶ ተቀመጠ። ኡስታዝ ሻርፑን አንገቱ ላይ አድርጎ ተጫነው፤ ደሙ ግን በጣቶቹ መሃል እየተገፋ ይወጣል፣ ግድግዳው ላይ ይረጫል። ሸሀዳውን፣ የእምነት ቃሉን፣ ሊል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣው አረፋ ነው። እህቱ ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ሸሀዳውን እሷ አለችለት። መኪና እስክናገኝ አልቆየም።

ገዳዩ ወጥቶ ደጃፋችን ላይ ጀርባውን ግድግዳ አስደግፎ ተቀመጠ። ፊቱ በሻዩ ተልጦ ውሃ ቋጥሯል። ቢላዋውን አጠገቡ አኑሮ ፖሊስ እስኪመጣ ጠበቀ። ልገድለው ፈልጌ ነበር፣ አልዋሽም። ድንጋይ አንስቼ ነው ኡስታዝ ያስጣለኝ።

ወለሉን ያጠብነው እሷና እኔ ነን። ሌላ ሰው አላስነካም አለች። ደም እንዲህ ይጣበቃል ብዬ አላውቅም ነበር፤ በአሸዋ ፈተግነው፣ በሳሙና ፈተግነው። እየፈተገች በአማርኛ ነገረችኝ፤ በር ላይ የቆሙት ሴቶች እንዳይሰሙ ነው። ያ ቀይ ቃል በስደቱ ድንኳን ውስጥ ሲጻፍ ወንድሟ እዚያ አልነበረም። በሩቅ የመንግሥት እስር ቤት ጥፍሩን እየነቀሉት ነበር። ከተማው ግን ከተዋጊዎቹ ጋር የሄደ ነበር የሚመስለው፤ እሱም አላስተባበለም። ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት አባቷና ባሏ ናቸው። ባሏ እናቱንና ሴት ልጆቹን አውሮፕላን በአንድ ቀን ጨርሶበታል፤ ከዚያ ወዲያ ሌሊትም ቀንም ይጽፋል። አንድ ሰሞን ሁለቱ ወንዶች ከአንድ ሳህን መብላት ተዉ። ለየብቻ አቀረበችላቸው። ምን ሆናችሁ ስትል «ትምህርት ነው» አሏት። ባሏ ከስደት ሲመለሱ ፈንጂ ረግጦ መንገድ ላይ ቀረ፤ የሁለቱ ሳህን ነገርም ከልቧ ጠፋ።

«ባልሽ ተማሪያቸው አልነበረም ሲለኝ ነው ሁለቱ ሳህኖች ዓይኔ ላይ የመጡት» አለችኝ። «ወንድሜ እኮ የገለበጠ ጊዜ አውቆታል። ለዚህ ነው መጽሐፉን የከለከለኝ። እኔ ሰርቄ አመጣሁለት፣ እኔው ማልኩበት። እንግዲህ ፍረጂኝ።»

ምን ልፍረድ? አንድ እጇ ላይ ወንድሟ፣ አንድ እጇ ላይ ልጇ። እኔ ብሆን ምን እል ነበር ብዬ ዛሬም አስባለሁ፤ ያንኑ ነው የምለው። «ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ» አልኳት። ለወሬኛ አፌ ያን ቀን ቁልፍ አበጀሁለት።

ኡስታዝ እውነቱን አያውቅም፤ አልነገርኩትም። እንደ በሽተኛ ሆኖ ሰነበተና መዝገቡ ይስተካከል አለ። መልሱ ለቃዲው፣ ቀዩ ደግሞ ለብቻው ተለይቶ ለባለቤቱ። «ያልታወቀ ብንለውስ?» አልኩት። «ሰውየው አምኖ፣ እህቱ ምላ፣ ሞቶበት እንዴት ያልታወቀ ይባላል?» አለኝ። ደግሞም የገዳዩ ዘመዶች ሐሙስ መጥተው ማየታቸው አይቀርም። ያልታወቀ ካልን ፍለጋው እንደገና ሊጀመር ነው፤ ፍለጋው ደግሞ የሚደርስበት ቤት አንድ ነው። ስለዚህ «ደራሲ» በሚለው ላይ የመነጽር ሻጩን ስም ጻፍኩ። በዕድሜው ከራሱ አንድ መስመር ደርሶ የማያውቅ ሰው አንድ ሥራ ተመዘገበለት። ዘመዶቹ መጡ፣ አዩ፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

ልጇ የአጎቱ ቀብር ላይ አልቆመም። ሬሳው በሰፈራችን ሲያልፍ ግንቡ ላይ ሆኖ ድንጋይ ሲያስተካክል አይቼዋለሁ፤ ሰዎች ቢጠሩት አልወረደም። ለቅሶ ቤቱ የመጣው ከቀናት በኋላ፣ እጁ ላይ ሲሚንቶ እንደደረቀ ነው። ሴቶቹ ተቀምጠናል፤ እኔ ከእናቱ ጎን ነኝ። እሷ ድምፅ ሳታሰማ ታለቅሳለች። ራስጌዋ ቆመ።

«ሆዮ» አላት፤ እናቴ ማለቱ ነው። «ይብቃሽ። የሰው ደም ውሃ ነው ላለ ሰው አይለቀስም። በእሱ ምክንያት ሥራ ቦታ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። አያቴን ያሰደበ፣ እኛን ያዋረደ እሱ ነው። አባቴ በሕይወት ቢኖር ኖሮ ያን ሰው ከቤቱ ያባርረው ነበር።»

ደሜ ፈላ። አፌን ከፈትኩ፤ ወላሂ ልናገር ነበር። እጇ ከነጠላዋ ሥር መጥቶ ጉልበቴን ጨበጠው፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ውስጥ እስኪገባ ጨበጠችኝ። አፌን ዘጋሁ። ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፣ አንዱን ጠረገች፣ ሌላውንም ጠረገች።

«እሺ ልጄ፣ አላለቅስም» አለችና ምሳውን ልታቀርብለት ተነሳች።